ከጋለ ድንጋይ እስከ ፍሪዘር፦ የአረፋ ስጋ ታሪክ





ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየከተማው የአረፋ አከባበራችን መልኩ እየተለወጠ ነው። ወጣቱ የዒድ ሶላቱን ሰግዶ፣ ኡድሒያውን አርዶ ወይም አሳርዶ፣ ከሰዓት በኋላ አሊያም በማግስቱ ከሰልና የሽቦ መጥበሻ ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሜዳ ወይም ወደ ሐይቅ ዳር ይወጣል። ብረት ምጣድ የሚሸከምም አይጠፋም። ስጋው ፍም ላይ ይንጫጫል፣ ሻይ ይፈላል፣ ፎቶ ይነሳል። አንዳንድ አባቶች «ዒዱን ሽርሽር አደረጉት» ብለው ቅር ይላቸዋል። ልጆቹ በበኩላቸው «ጥብስ መብላት ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?» ይላሉ። በውስጥ መስመርም ደጋግማችሁ ጠይቃችሁናል።

ፈትዋው የዓሊሞች ድርሻ ነውና ለነርሱ እንተወው። ታሪኩን ግን ኪታቦቹ ውስጥ እናገኘዋለን፤ ሲነበብም ለሁለቱም ወገን የሚለው አለው። ልጆቹ እውነታቸውን ነው፤ በእሳት የተጠበሰ ስጋ በታሪካችን ውስጥ በጣም የቆየ ነገር ነው። አባቶችም በከንቱ አልከፋቸውም፤ የሚያስከፋው ነገር ግን ያለው ከሰሉ ላይ አይደለም።

በጋለ ድንጋይ ላይ

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ሁድ 69ኛው አንቀጽ ስለ ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) እንግዶች ይነግረናል። መላእክቱ በሰው አምሳል መጥተው ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ኢብራሂምም (ዐ.ሰ) ብዙ ሳይቆዩ ጥጃ ጠብሰው አቀረቡ። ጥጃው የተገለጸበት ቃል «ሐኒዝ» የሚል ነው። ከሙፈሲሮች ከፊሎቹ «የበሰለ» ብለው ሲፈቱት፣ ሌሎቹ ግን በጋለ ድንጋይ ላይ የተጠበሰ ስጋ ማለት ነው ይላሉ። ያው ታሪክ በሱረቱ ዛሪያት ላይ ሲመጣ ጥጃው የሰባ እንደነበረ፣ ኢብራሂምም (ዐ.ሰ) እንግዶቹ ሳያስተውሉ ወደ ቤተሰባቸው ሹልክ እንዳሉ ይነገራል። ዑለማዎች ከዚህች ሹልክታ ትልቅ አደብ አውጥተዋል፦ እንግዳን «ምግብ ላምጣልህ ወይ?» እያሉ ማስጨነቅ የለም፤ ቤት ያፈራውን ምርጡን ይዞ ከች ማለት ነው።

እስቲ አሠራሩን እናስበው። አገሩ ምድረ በዳ ነው። ድስት ለተጓዥ ከባድ ነው፣ ብረትም እንደ ልብ አይገኝም። እንጨት ግን ይለቀማል፣ ድንጋይም ሞልቷል። ድንጋዩ ላይ እሳት ይነድዳል፤ ድንጋዩ እስኪግል ይጠበቃል፤ ከዚያ ፍሙ ተጠርጎ ስጋው ይዘረጋል፣ ወይም በጋሉት ድንጋዮች መሃል ገብቶ ይከደናል። ነበልባል የስጋውን ላይኛ ክፍል አሳርሮ ውስጡን ጥሬ ይተወዋል፤ ድንጋይ ግን የያዘውን ሙቀት በዝግታ ስለሚለቅ እስከ አጥንቱ ያበስላል። ዛሬ ብረት ምጣዱን በደንብ አግሎ ስጋውን የሚዘረጋበት ወጣት የሚሠራው ይህንኑ ነው። ድንጋዩ በብረት ተተካ እንጂ ጥበቡ ያው ነው።

ቃሉም አልሞተም። በደቡባዊ ሳዑዲ በዐሲር፣ በየመንም በቲሃማ፣ «ሐኒዝ» ዛሬም ድረስ የምግብ ስም ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ በድንጋይ ይገነባል፣ እንጨት ይነድበታል፣ እሳቱ ፍም ሲሆን የበግ ወይም የፍየል ስጋ ከ«መርኽ» ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ጋር ገብቶ ይደፈናል። የሐድረሞቶቹ «መንዲ» ደግሞ ስጋውን ከፍሙ በላይ ያደርግና ሩዙን ከሥር አስቀምጦ የሚንጠባጠበውን ጮማ ይቀበልበታል። መንዲን አዲስ አበባ ላይ የማያውቅ ወጣት ጥቂት ነው፤ ከዐረብ አገር የተመለሱ እህት ወንድሞቻችንም ከኛ በተሻለ ያስረዷችኋል። «መዝቢ» የሚባልም አለ፤ እሱ ስጋውን በቀጥታ ፍም ላይ በጋለ ድንጋይ የሚጠብስ ነው። ሙፈሲሮቹ ለሚገልጹት የኢብራሂም (ዐ.ሰ) ጥብስ ከሁሉም የሚቀርበው፣ እንደኛ እይታ፣ ይኸኛው ነው።

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመንም ቃሉ ይነገር ነበር። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ በእናታችን መይሙና (ረ.ዐ) ቤት የተጠበሰ «ዶብ» ቀረበ፤ ዶብ በበረሃ የሚኖር ትልቅ እንሽላሊት መሰል እንስሳ ነው። ሐዲሱ ጥብሱን «መሕኑዝ» ይለዋል፤ ከሐኒዝ ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን እንደሆነ ሲነገራቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ሐራም እንደሆነ ሲጠየቁም ሐራም እንዳልሆነ፣ ነገር ግን በወገኖቻቸው ምድር የማይገኝ በመሆኑ ነፍሳቸው እንዳልፈለገችው ገለጹ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ግን ሳበው፣ በላውም፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እያዩት ነበር። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ኸይበር ላይ ተመርዞ የቀረበላቸው በግም የተጠበሰ ነበር።

ጥብስ እንግዲህ ነበረ። የዘወትር ምግብ ግን አልነበረም። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህን እስከተገናኙበት ቀን ድረስ ጸጉሩ በሙቅ ውሃ ተነጭቶ ከነቆዳው የተጠበሰ ሙሉ በግ በዓይናቸው ማየታቸውን እንደማያውቁ ተናግረዋል። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ደግሞ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ህልፈት በኋላ በሆነ ጊዜ የተጠበሰ በግ ፊታቸው ያስቀመጡ ሰዎች ጋር ደረሱ። ሰዎቹ «ና ብላ» አሏቸው። እሳቸው እምቢ አሉ፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከገብስ ዳቦ እንኳ ሳይጠግቡ ከዚህች ዓለም መሄዳቸውን አስታውሰው አለፉ። ጥብሱ ሐራም ሆኖባቸው አይደለም። ያዩት ሌላ ነገር ነው።

ከተሞች ሲያድጉ ጥብስ ወደ ሱቅ ገባ። ባግዳድ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ኢብኑ ሰያር አል-ወራቅ፣ በኋላም በ623 ዓመተ ሂጅራ (1226 እ.ኤ.አ) አል-ባግዳዲ የጻፏቸው የምግብ አሠራር ኪታቦች እስከ ዛሬ አሉ። በነዚህ ኪታቦች ውስጥ «ጁዛባ» የሚባል ምግብ እናገኛለን፦ ስጋው ተንዱር ውስጥ ተሰቅሎ ሲጠበስ ከሥሩ ዳቦና ጣፋጭ ያለበት ዕቃ ተቀምጦ ጮማውን ይቀበላል። ዛሬ መንዲ ቤት የምናየው ብልሃት፣ ከሺህ ዓመት በፊት በሩዝ ፋንታ በዳቦ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

በገበያ ደግሞ ማታለል አይጠፋም። ስለዚህ ሙሕተሲብ የሚባለው የገበያ ተቆጣጣሪ ጥብስ ሻጮችን ይከታተል ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሻም ምድር የጻፉት አሽ-ሸይዘሪ ስለ ሒስባ ባዘጋጁት ኪታብ ለጥብስ ሻጮች ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥተዋል። ሙሕተሲቡ በጎቹን ተንዱር ከመግባታቸው በፊት መዝኖ ይጽፋል፤ ሲወጡ ዳግም ይመዝናል፤ ከክብደታቸው ሲሶው ከቀነሰ በስለዋል፣ ካልቀነሰ ይመለሳሉ። በሚዛን የሚሸጥ ሰው ያልበሰለ ስጋ ቢሸጥ ያተርፋላ!

እሳት ከጥብስ ላይ ሲሶውን ይወስዳል። ይህችን ሲሶ እንያዛት።

ሚና ላይ ምን ተበላ?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ ባደረጉት የስንብት ሐጅ 100 ግመሎች ለሀድይ ቀርበው ነበር። ጃቢር (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ሙስሊም በዘገቡት ረጅም ሐዲስ መሠረት 63ቱን በገዛ እጃቸው አረዱ፤ የቀሩትን ዐሊይ (ረ.ዐ) እንዲያርዱ ሰጧቸው። ያ ሁሉ ስጋ ሚና ሸለቆ ላይ ተዘርግቷል፣ ሰዉም ብዙ ነው። ታዲያ ምን ሠሩ? ከያንዳንዱ ግመል አንድ አንድ ቁራጭ እንዲወሰድ አዘዙ፤ በአንድ ድስት ተቀቀለ፤ ሁለቱም ከስጋው በሉ፣ ከመረቁም ጠጡ።

ዑለማዎች ይህንን ሲያብራሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከእያንዳንዱ መሥዋዕት ለመቅመስ ፈልገው ነው ይላሉ፤ 100 ግመል ቀምሶ መጨረስ የሚቻለው በመረቅ ብቻ ነዋ። እኛ ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። ሙስሊም በዘገቡት በሌላ ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ዘርን (ረ.ዐ) መረቅ ሲሠሩ ውሃውን እንዲያበዙና ለጎረቤቶቻቸው እንዲያስቡ መክረዋቸዋል። መረቅ ውሃ ሲጨመርበት ይበረክታል፤ ያልታሰበ እንግዳ ቢመጣም ይደርሰዋል። ጥብስ ላይ ግን ውሃ አይጨመርም። ኪሎው ይታወቃል፣ ሰዉ ይቆጠራል፣ ሲሶውም በእሳት ይሄዳል። አራት ጓደኛሞች ለአራት ሰው የሚሆን ስጋ ይዘው ሲወጡ አምስተኛው ከየትም አይጋበዝም። በሁለቱ ምግቦች መካከል ያለው ልዩነት የጣዕም ብቻ አይደለም።

የቀረው ስጋስ? ዐሊይ (ረ.ዐ) ስጋውን፣ ቆዳውን፣ የግመሎቹን ልባስ እንኳ ሳይቀር እንዲያከፋፍሉ ታዘዙ። ለአራጁም ከዚያው ላይ በደሞዝ መልክ ምንም እንዳይሰጡት ተነገራቸው፤ ደሞዙ ከኪስ ነው።

ሰዉ ተከፋፍሎም ቢሆን ስጋው በአንድ ቀን አያልቅም። እዚህ ላይ ነው ከዒድ ቀጥሎ ያሉት ሦስት ቀናት፣ የዙልሒጃ 11ኛው፣ 12ኛውና 13ኛው፣ ስማቸውን ያገኙት። «አያመ ተሽሪቅ» እንላቸዋለን፤ ከነርሱም በኋላ በየሶላቱ የምንለው ተክቢራ ያበቃል። ተሽሪቅ ምንድን ነው ስንባል ግን ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። ቃሉ ጸሐይ ከመውጣቷ ጋር የተያያዘ ነው። ዑለማዎች ከሰጧቸው ማብራሪያዎች በጣም የታወቀው፣ ሰዎች በነዚያ ቀናት የመሥዋዕቱን ስጋ እየሸነሸኑ ጸሐይ ላይ ያሰጡት ስለነበር ነው የሚለው ነው። በቀላል አማርኛ የቋንጣ ቀናት ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እነዚህን ቀናት የመብያ፣ የመጠጫና አላህን የማውሻ ቀናት ብለዋቸዋል፤ ጾምም አይጾምባቸውም። ዒድን በደስታና በምግብ ያሳለፈ ወጣት እንግዲህ ከሱና አልወጣም። «አላህን ማውሳት» የምትለዋን ካልዘለላት ማለታችን ነው።

በጸሐይ የደረቀው ስጋ በዐረብኛ «ቀዲድ» ይባላል። ስስ ሆኖ ይሸነሸናል፣ ጨው ይነካዋል፣ ይሰጣል። እናቶቻችን ቋንጣ ሲዘለዝሉ የሚያደርጉት ነው። የድሃ ምግብም ነበር። ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ቆሞ በፍርሃት ሲንቀጠቀጥ፣ እሳቸው ንጉሥ እንዳልሆኑና ቀዲድ ትበላ የነበረች ሴት ልጅ መሆናቸውን ነግረው አረጋግተውታል። ለመንገድም ስንቅ ነው። በዚያው በስንብት ሐጅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካረዱ በኋላ ሰውባንን (ረ.ዐ) ስጋውን እንዲያዘጋጁ አዘዟቸው፤ ሰውባንም መዲና እስኪደርሱ ድረስ ከዚያው ስጋ እያበሉ አደረሷቸው። ከመካ መዲና ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ይህ ማድረቅ እስከ ቅርብ ጊዜ ዘልቋል። በ1814 እ.ኤ.አ ሐጅ ላይ የነበረው የስዊዝ ተወላጅ ተጓዥ ቡርክሃርት ድሃ የሆኑ ጥቁርና ህንዳውያን ሑጃጆች ሚና ላይ ስጋ እየሸነሸኑ ለመልስ መንገዳቸው ስንቅ ሲያዘጋጁ አይቶ ጽፏል። ሀብታሙ አርዶ ሄደ፤ ድሃው ስንቁን ቋጠረ።

በነገራችን ላይ አረፋ ዘላለም በጋ ላይ ወይም ዘላለም ክረምት ላይ የማይውለው በቁርኣን ትእዛዝ ነው። የጃሂሊያ ዐረቦች «ነሲእ» በሚባል አሠራር ወራቱን ያንሸራትቱ ነበር፤ ሱረቱ ተውባ 37 ይህንን አወገዘ። ዓመታችን ንጹሕ የጨረቃ ሆነ፤ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል። ከነሐሴ 15/2010 እስከ ሰኔ 9/2016 የዋሉት ሰባቱ አረፋዎች ሒጃዝ ላይ በሐሩሩ በጋ ሲውሉ፣ እኛ ጋ ግን በዝናቡ ክረምት ነበሩ። እናቶቻችን በነዚያ ዓመታት ቋንጣውን ውጭ ማስጣት አልቻሉም፤ ምድጃ በላይ ጭስ ላይ ሰቀሉት። በዚያው በ2016 ሐጅ ላይ በመስጂደል ሐራም አካባቢ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር። የሳዑዲ መንግሥት 1,301 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ፤ አብዛኞቹ ያለ ፈቃድ የገቡና መጠለያ ሳይኖራቸው በጸሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው። የጥንቶቹ ስጋ ያደረቀው ጸሐይ ይህ ነው።

የሦስት ቀኑ ክልከላ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ስጋን አድርቆ ማቆየት ይህን ያህል የተለመደ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ዓመት ላይ ግን ክልክል ሆነ።

ሰለማ ኢብኑል አክወዕ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ዒድ ላይ ያረደ ሰው ከሦስት ቀን በኋላ ከኡድሒያው ምንም ነገር በቤቱ እንዳያድር አዘዙ። ሶሓባዎች ታዘዙ። ዓመት ዞረ። በቀጣዩ ዒድ «እንዳምናው እናድርግ ወይ?» ብለው ጠየቁ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እንዲበሉ፣ እንዲያበሉ፣ እንዲያስቀምጡም ፈቀዱላቸው፤ ያን ዓመት ሰዎች ችግር ላይ ስለነበሩ እንዲረዷቸው ፈልገው እንደከለከሉ ገለጹላቸው።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ታሪኩን ይበልጥ ያብራሩታል። ያን ዓመት በዒዱ ሰሞን ችግረኛ የሆኑ የገጠር ሰዎች ተሰብስበው ወደ መዲና መጥተው ነበር። ሐዲሱ «ዳፋ» ይላቸዋል፤ ችግር ገፍቷቸው በኅብረት ቀስ እያሉ የሚመጡ ሰዎች ማለት ነው። ከክልከላው በኋላ ደግሞ ሰዎች ቅሬታ አቀረቡ። ቅሬታቸው ሲሰማ ምን ያህል የኛን እንደሚመስል ተመልከቱ፦ ከኡድሒያችን ቆዳ ስልቻ እንሠራ ነበር፣ ጮማውንም እያቀለጥን እናስቀምጥ ነበር አሉ። ዓመቱን ሙሉ የሚጠቅም ንብረት ነው። ያኔ ነው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የከለከሉት በዳፋዎቹ ምክንያት እንደሆነ ነግረው የፈቀዱላቸው። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ራሳቸው የበጉን እግር አስቀምጠው ከ15 ቀን በኋላ ይበሉት እንደነበር ተናግረዋል።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ «ክልከላው ተነሳ፣ አለቀ» እንል ነበር። ግን ቡኻሪ ሌላ ዘገባ አላቸው። አቡ ዑበይድ የተባሉት ታቢዒይ ከዑመር (ረ.ዐ)፣ ከዚያ ከዑስማን (ረ.ዐ)፣ ከዚያም ከዐሊይ (ረ.ዐ) ጋር ዒድ መስገዳቸውን ይተርካሉ። ዐሊይ (ረ.ዐ) በኹጥባቸው ላይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሦስት ቀን በላይ የኡድሒያ ስጋ መብላትን መከልከላቸውን ለሰዉ አሳሰቡ። ፈቃዱ ከተሰጠ ከስንት ዓመት በኋላ! ዑለማዎች በዚህ ተጨንቀዋል። ከፊሎቹ ፈቃዱ ለዐሊይ (ረ.ዐ) አልደረሳቸውም አሉ። ሌሎቹ ግን ዘመኑን አዩ፦ ዑስማን (ረ.ዐ) በቤታቸው የተከበቡበት ሰሞን ነበር፤ ፊትናው የገጠሩን ሰው ወደ መዲና ገፍቶት ነበር። ዳፋ ተመልሶ መጥቷል፤ ስለዚህ ዐሊይ (ረ.ዐ) ክልከላውን መለሱት።

ኢማሙ ሻፊዒይ (ረሒመሁላህ) «ሪሳላ» በሚባለው ኪታባቸው ይህንኑ ጉዳይ አንስተው ሁለት አቅጣጫ አስቀምጠዋል። አንደኛው፦ ዳፋ ሲመጣ ከሦስት ቀን በላይ ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ ዳፋ ከሌለ መብላት፣ መሰነቅ፣ ማስቀመጥና መመጽወት ይቻላል። ሁለተኛው፦ ክልከላው በማንኛውም ሁኔታ ተሽሯል። ብዙኃኑ ዑለማ ወደ ሁለተኛው ሄደዋል፤ ስለዚህ ዛሬ ስጋ ፍሪዘር ያስገባን ሰው «ሐራም ሠራህ» የሚለው የለም። የመጀመሪያው አቅጣጫ ግን ኪታቡ ውስጥ እስከ ዛሬ ተቀምጧል።

ያ ጥያቄ በዘመናችንም አዲስ መልስ አግኝቶ ነበር። አውሮፕላን የሑጃጁን ቁጥር ሲያበዛው ሚና ላይ የሚታረደው እንስሳ ከሚበላው በላይ ሆነ። ቀዲድ የሚያደርቅ ተጓዥ ቀረ፤ ስንቅ ቋጥሮ በአውሮፕላን የሚሳፈር የለም። ብዙ ስጋ ይቀበር ጀመር። በ1983 እ.ኤ.አ የሳዑዲ መንግሥት የሀድይና የኡድሒያ ስጋን ጥቅም ላይ የማዋል ፕሮጀክት ጀመረ፤ ሥራውን የእስላማዊ ልማት ባንክ እንዲመራው ተሰጠ። በዘመናዊ ቄራዎች ይታረዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ለሐረም ድሆች ይሰጣል፣ የተረፈው በመርከብና በአውሮፕላን ከሃያ በላይ ወደሆኑ አገሮች ይላካል። ፍሪዘሩ ክፉ አይደለም ማለት ነው። ሚና ላይ ያለው ፍሪዘር የድሃውን ድርሻ ነው የሚያቆየው።

ከዚያ ቄራ ከሚገቡት በጎች ብዙዎቹ የኛ አካባቢ ልጆች መሆናቸውንም አንርሳ። ጭንቅላታቸው ጥቁር የሆኑት ነጫጭ በጎች ከሶማሌ ክልላችን አርብቶ አደሮች ተገዝተው በበርበራ ወደብ ለሐጅ ሰሞን ይሻገራሉ። ሳዑዲ በ2000 እ.ኤ.አ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሽታ ምክንያት ከቀጠናው ከብት ማስገባት ስታግድ፣ እገዳው እስከ 2009 እ.ኤ.አ ቆይቶ የስንቱን ቤት እንጀራ እንደዘጋ አርብቶ አደሩ ያውቀዋል።

ወደ ከተሞቻችን እንመለስ። አረፋ በዚህ አገር እንደልብ ሜዳ ተወጥቶ የሚከበር በዓል የሆነው ትናንት ነው። አባቶቻችን ሚያዝያ 12/1966 አዲስ አበባ ላይ በሰላማዊ ሰልፍ ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ የዒድ በዓላት በመንግሥት እንዲታወቁ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በደርግ ዘመን ነው ሁለቱ ዒዶችና መውሊድ የሕዝብ በዓል የሆኑት። ከዚያ በፊት የመንግሥት ሠራተኛው በዒዱ ቀን የሚጠብቀው ቢሮ ነበረው። ዛሬ ወጣቱ ከሰል ይዞ የሚወጣበት ነጻ ቀን በነጻ አልመጣም።

ታዲያ ያ ቀን ሲመጣ ስጋው ወዴት ይሄዳል? ዑለማዎች የወደዱት አከፋፈል ሲሶውን መብላት፣ ሲሶውን ለዘመድ ወዳጅ መስጠት፣ ሲሶውን መመጽወት ነው። በጥንት ሙሕተሲብ ሚዛን እሳት ከጥብስ የሚወስደውም ሲሶ ነበር። የድሃው ሲሶ አስቀድሞ ካልወጣ፣ ከሰሉ ላይ በጭስ መልክ ሲሄድ ማንም አያየውም።

ሱረቱል ሐጅ 36ኛው አንቀጽ ከስጋው እንድናበላ የሚያዘን ሁለት ሰዎችን ነው፦ «ቃኒዕ» እና «ሙዕተር»። በፍቺያቸው ላይ ሙፈሲሮች ቢለያዩም፣ ከታወቁት ፍቺዎች አንዱ ቃኒዕ ባለው ተብቃቅቶ ቤቱ የሚቀመጥ፣ የማይለምን፤ ሙዕተር ደግሞ ይሰጡኝ ይሆናል ብሎ ራሱን የሚያሳይ ነው ይላል። የጥብሱ ሽታ ሙዕተርን ይጠራዋል። ሜዳ ላይ ስትጠብሱ ራቅ ብለው የሚቆሙትን ሕፃናት አይታችኋል፤ ለነርሱ ቁራጭ የማይሰጥ ወጣት የለንም፣ አልሐምዱሊላህ። ቃኒዑ ግን አይመጣም። እሱ ጋ መሄድ ያስፈልጋል፤ ሜዳው ደግሞ ከሰፈሩ ይርቃል። ከጓሮ ይጠበስ የነበረ ጊዜ ጎረቤት የነበረው ቃኒዕ ቢያንስ በበር ያልፍ ነበር። አባቶች «ሽርሽር አደረጉት» ሲሉ የጎደለባቸው ይህ ይመስለናል።

ዳፋስ? በብዙ ከተሞቻችን ዳርቻ፣ በመጠለያም በኪራይ ቤትም፣ ግጭትና ድርቅ ገፍቷቸው የመጡ ወገኖች አሉ። ሐዲሱን በዐረብኛ ስንቀራ «ዳፋ» የምትለዋ ቃል ከባድ መዝገበ ቃላት የምታስከፍት መስላን ነበር። ፍቺዋ ከመስጂዳችን ደጃፍ ተቀምጦ ነው። ሚና ላይ ያለው ፍሪዘር ለድሃ ያቆያል፤ በየቤታችን ያለው ግን ለሚቀጥለው ጁምዓ ምሳ ነው። ክልከላው ተሽሯል የሚለው የብዙኃኑ አቋም በቦታው ሆኖ፣ የመዲና ሰዎች ስልቻቸውንና የቀለጠ ጮማቸውን ትተው ለአንድ ዓመት የታዘዙትን ነገር ማሰብ ግን ማንም አልከለከለም።

ቆዳው ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። በፊት የአረፋ ቆዳ ዋጋ ነበረው፤ በየሰፈሩ ተሰብስቦ ለመስጂድና ለመድረሳ ይሰጥ ነበር። ዋጋው ከወደቀ ወዲህ በዒዱ ማግስት በየመንገዱ ተጥሎ ሲሸት እናያለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሚና ላይ የሀድዩ ቆዳ ሳይቀር እንዲከፋፈል አዘዋል። ቢያንስ በጨው አሽቶ ሰብሳቢ ላለበት ማድረስ፣ እሱም ካልተቻለ መቅበር ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁን የቀኑ ጉዳይ። አብዛኛው ሰው በመጀመሪያው ቀን ያርዳል፤ በመጠለያዎች ያለው ስጋም በዚያው ቀን ይበዛና ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ይጠፋል። በሬ በቅርጫ ለሰባት የምታርዱ ወጣቶች ሁላችሁም በአንድ ቀን ማረድ አይጠበቅባችሁም። በሐነፊ፣ በማሊኪና በሐንበሊ መዝሀቦች የእርዱ ጊዜ እስከ ዙልሒጃ 12ኛው ቀን ጸሐይ መጥለቂያ ይዘልቃል፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ እስከ 13ኛው ቀን ጸሐይ መጥለቂያ፣ ማለትም እስከ ተሽሪቅ የመጨረሻ ሰዓት ድረስ ነው። የየአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቃችሁ ቀኑን ተከፋፈሉት።

ወላሁ አዕለም።